የአባዬ ድምፅ ፍጥነት

ታኅሣሥ 4

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባሕሩ ረጋ ብሎልሻል? እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን ስትል አላምንህም» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ልዘርዝርልሽ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ምንም የላትም። እኔ መነጽር ቤቱ ውስጥ እንደ ድሮው ሌንስ እየሞረድኩ ነው። አባዬ ድምፁን ያጣበት የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ቁስል ደርቋል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ አልፎ አልፎ ብቅ ማለት ይበቃሃል ብሎታል።

ስለ ድምፁ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ የራሱ ነው። እኔም ጆሮዬ እስኪሰማው ድረስ እንዳንቺው አላመንኩም ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያው የሠራው አባዬ መናኸሪያው ውስጥ በድምፅ ማጉያ አውቶቡስ ሲጠራ ከተቀዳው ነው፤ ሌላ የተቀዳ ድምፅ ከየት ይመጣል? አሁን አባዬ ኪቦርዱ ላይ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ በእሱ ድምፅ ይናገርለታል። ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ሁሉንም ነገር እንደ ጥሪ ነው የሚለው። ትናንት «ካልሲዬን ያያችሁ» ሲል እማዬ «ተሳፋሪዎች በሙሉ ለካልሲ ፍለጋ ውጡ ተብላችኋል» አለችና ሳቀችበት። እሱም ሳቀ። ያለ ድምፅ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ እስክትለምጂው ያስደነግጣል። የመርከባችሁ መስመር ከጽሑፍ ሌላ አያሳልፍም ባትዪኝ ኖሮ ቀድቼ እልክልሽ ነበር።

ችግሩ መዘግየቱ ነው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። አባዬ ጽፎ ሲጨርስ ያ ሳጥን ያስባል፣ ያስባል፣ አሁንም ያስባል። እማዬ «ሻይ ላምጣልህ?» ትለዋለች፤ መልሱ ሲዘገይባት ትነሳለች፤ ሻዩን ይዛ ስትመለስ «አልፈልግም» ይላታል። አባዬ ደግሞ ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ የሚመልስ ሰው ነበር። አሁን ቀልዱ የሚደርሰው ሰዉ ሌላ ወሬ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ሰሞኑን ጭራሽ መጻፉን እየተወ መጥቷል።

የታሰረው የአውቶቡስ ሾፌር ጉዳይም እንደፈራነው ሆኗል። ድርጅቱ አሁንም «ተቆጣጣሪው እጁን ሳያነሳለት ነው ወደ ኋላ የወጣውና ጫኚውን የገደለው» እንዳለ ነው። ተቆጣጣሪውም «እጄን አላነሳሁም» ብሎ ምሎ ተገዝቷል። እጁን ሲያነሳለት ያየው ደግሞ ፎቅ ላይ ካለችው የመስታወት ክፍሉ ሆኖ አባዬ ብቻ ነው። ለምስክርነት ተጠርቷል። የሾፌሩ ጠበቃ «በጽሑፍም ይቻላል» ቢለው አባዬ ምን አለ መሰለሽ? «ወረቀት ማንም ይጽፋል። የእኔን ድምፅ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም።»

አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ሊሮጥ ይችላል ብለሽኝ ነበር። እንዴት ነው? ቤት አያቃጥልም?

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 9

የኔ ወንድም፣

ቤት አያቃጥልም። እጅህ ካልፈጠነ ማለቴ ነው።

እዚህ መርከብ ላይ ያሉትን ኮምፒውተሮች የምጠብቃቸው እኔ ነኝ፤ አንዱንም ከልኩ በላይ አሩጬው አላውቅም፤ ባሕር መሃል ቢበላሽ ማን ይደርስልኛል? ያንን የቤቱን ግን ስለማውቀው ጥቂት አቅም ይቀረዋል ብዬ አስባለሁ። መጀመሪያ ክፈተውና አቧራውን አውጣ፤ ፋኑን አጽዳ። ከዚያ ሲነሳ ወደሚከፈተው የቅንብር ገጽ ግባና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት አንድ እርከን ብቻ ከፍ አድርግ። ሥራ አብዛበትና ሙቀቱን እይ። ደህና ከሆነ ሌላ አንድ እርከን። ደርቆ የቀረ ቀን ሁለት እርከን ወደ ኋላ ተመለስ፤ ማረፊያው እዚያ ነው። ቮልቴጅ የሚለውን በዓይንህም እንዳትነካው።

ሚሞሪውን በሌላ ቀን። ሁለቱን በአንድ ላይ እንዳትነካ፤ ጥፋት ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ አታውቅም። ደግሞ ይህን ስማኝ። ፕሮሰሰር ሲያቅተው ወድቆ ይታይሃል። ሚሞሪ ግን ሲያቅተው ይዋሻል። ያስቀመጥክበትን ጥቂት አጉድሎ፣ ፊቱን ሳያጠቁር ይመልስልሃል። ስለዚህ የሚሞሪ መፈተሻውን ጫንና ሥራ ስትሄድ ቀኑን ሙሉ ይሂድ። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ከወጣ፣ አንድ ብቻ፣ አልሆነም ማለት ነው።

እኔን ተወኝ፣ ደህና ነኝ። አባዬ ይበላል ወይ? ማታ ማታ ያስለዋል ወይ? ይህን ሳትመልስ ስለ ኮምፒውተር እንዳትጽፍልኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 20

እትዬ፣

ይበላል። አያስለውም። ይኸው መለስኩ።

ዘገየህ ብለሽ አትቆጪ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞልቶ ነው። ከፋኑ ላይ ያወጣሁት አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር። አሁን አባዬ ጽፎ ጣቱን ሳያነሳ ድምፁ ይመጣል። እሁድ አክስታችን መጥታ ስለ ልጇ ሥራ ማውራት ስትጀምር «ይህን ፌርማታ ባለፈው አልፈነዋል» አላት። በወሬዋ መሃል! ታስቢዋለሽ? ትንፋሿ እስኪያጥራት ሳቀች። እማዬም አሁን ጠይቃው አትነሳም፤ ሹራቧን ይዛ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው እትዬ። በደንብ፣ እንደ ድሮአቸው፣ አንዱ አንዱን እያቋረጠ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ሙቀቱን እይ ላልሽኝ፣ ደህና ነው። የሳጥኑን ጎን ከፍቼ ከመነጽር ቤቱ ትንሽ ማራገቢያ አምጥቼ አቆምኩበት፤ አለቃዬ ፈቅዶልኛል። ሾፌሩ አሁንም እስር ላይ ነው፤ ሚስቱ ትናንት መጥታ ነበር። አባዬ «አይዞሽ» ሲላት ድምፁን ሰምታ አለቀሰች፤ ባሏ ተራው ሲደርስ በዚያ ድምፅ ነበር የሚጠራው። ችሎቱ ጥር 28 ተቀጥሯል።

ሌላው ሌላ ጊዜ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 24

የኔ ወንድም፣

አክስታችንን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፤ እዚህ ብቻዬን ስስቅ የመርከቧ ምግብ አብሳይ አበደች ብሎ ሳይጨነቅ አልቀረም።

ግን ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው የጎደለ ነገር አገኘሁ። ስለ አቧራው ጽፈሃል፣ ስለ ማራገቢያው ጽፈሃል፣ ስለ ሹራቡ ሳይቀር። ስለ ፈተናው አንድም ቃል የለም። ሚሞሪውን ነክተሃል ወይስ አልነካህም? ፈተሽከው ወይ? ምን ወጣ? ደግሞ «ሌላው ሌላ ጊዜ» ማለት ምን ማለት ነው? አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ የሚያስጨንቅህን ነገር «ሌላ ጊዜ» ነው የምትለው።

ልጅነቴን አታስታውሺኝ እንዳትለኝ፤ አሳዳጊህ ነኝ። ቶሎ ጻፍ።

እህትህ

ጥር 2

እትዬ፣

እሺ። አትጩኺብኝ እንጂ እነግርሻለሁ።

ሁለቱንም ባንድ ላይ ነው ከፍ ያደረግኩት። አባዬ አጠገቤ ቆሞ ትከሻዬን ይነካካኝ ነበር፤ «ሌላ፣ ሌላ» ነበር በእጁ የሚለኝ። ስፈትሸው ቀይ መስመር ወጥቷል። ከዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሃል ጥቂት ብትሆን ምን ታመጣለች አልኩ። ድምፁን እየሰማሁ ወደ ኋላ መመለስ አቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት ለምስክርነቱ ስናለማምደው ነው። እኔ እንደ ድርጅቱ ጠበቃ ሆኜ «ሾፌሩ እንዴት ነበር የተነሳው?» አልኩት። አባዬ የጻፈውን ስክሪኑ ላይ አይቼዋለሁ፦ «ሾፌሩ ሳይፈቀድለት ተነሳ የሚሉት ውሸታቸውን ነው።» ድምፁ ግን፣ ያ ግርማ ሞገስ ያለው ድምፅ፣ «ሾፌሩ ሳይፈቀድለት ተነሳ» አለና ቆመ።

በቃ። ቆመ። የቀረውን ዋጠው። መንተባተብ የለ፣ መንኮሻኮሽ የለ። እንዳለቀ ዓረፍተ ነገር ነው ያሳረፈው።

እማዬ ሹራቧን አስቀመጠች። አባዬ የጻፈውን እያየ ስለነበር ልብ ያለው አልመሰለኝም። ደግሞ እንዲለው አደረግኩት፤ ሙሉውን አለው። እንደገናም ሙሉውን። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታም ሆኜ ያ የጎደለ ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ነው። አንዲት ደንበኛ የግራውን ሌንስ ለቀኝ ዓይኗ ገጥሜላት «ልጄ፣ ምነው ልብህ የት ሄደ?» አለችኝ።

እኛ ደግሞ ስንናገር እምቢታችንን የምናስቀምጠው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ጅራቱን ከቆረጥሽው ሰውየው የካደውን አመነ ማለት ነው። አንድ ሰው በዚህ የተነሳ ለዓመታት ሊታሰር ይችላል እትዬ። ምን ላድርግ?

ወንድምሽ

ጥር 8

እትዬ፣

ምነው ዝም አልሽ? ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጪና ጻፊልኝ። በየሰዓቱ ኢሜይሉን እየከፈትኩ ነው። ጥፋቴ ገብቶኛል፤ ዝምታሽ ግን ከቁጣሽ ይብሳል።

ችሎቱ ወደ ፊት ተሳበ። ጥር 12 ሆኗል። የሾፌሩ ጠበቃ ትናንት መነጽር ቤቱ ድረስ መጥቶ ነገረኝ፤ እጄ ላይ የነበረው መነጽር ወድቆ ክፈፉ ተሰበረ።

መልስሽን መጠበቅ ስላልቻልኩ የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን ከፍቼ እሱ እንዳለው አደረግኩ። ሚሞሪውን ወደ ነበረበት መለስኩት፤ ሙሉ በሙሉ። ፕሮሰሰሩን ከደረሰበት ጥቂት እርከን አወረድኩት። መፈተሻውን ጠዋት ለቅቄ ሥራ ሄድኩ፤ ስመለስ ቀይ የለም። በማግሥቱም ደገምኩት። አሁንም የለም። ድሮ ከነበረው ይፈጥናል፣ ከሰሞኑ ግን ይዘገያል። በአንድ ትንፋሽ ያህል ብልሽ ነው።

አባዬ ያቺን ትንፋሽ ወዲያው ነው ያወቃት።

«ማነው ድምፄን የጎተተው?» አለ።

«አባዬ፣ ቃል እየዋጠ እኮ ነው።»

«አልሰማሁም።»

«እኔ ሰምቻለሁ። እማዬም ሰምታለች። "ሳይፈቀድለት ተነሳ" ብሎ ነው ያቆመው።»

«ከዋጠ መልሼ እለዋለሁ።»

«ፍርድ ቤት ነው እኮ አባዬ! አንዴ ከተመዘገበ ምን ዋጋ አለው?»

ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ አንድ ነገር ጻፈ፤ እኔም በዚያ አዲስ ዝግታ ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩት። «እናትህ ቁጭ ብላ ታዳምጠኝ ጀምራ ነበር» አለ።

ኪቦርዱን ገልብጦ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልጻፈም። ስለምነው አያየኝም፤ ጥያቄ ስጠይቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ችሎት ፊትም እንዲህ ቢቀመጥስ? እኔ ስለ ማሽኑ ስፈራ ሰውየውን አስከፋሁት መሰለኝ። ትክክል ነኝ በይኝ፣ ወይም ተሳስተሃል በይኝ። ብቻ አንድ ነገር በይ።

ወንድምሽ

ጥር 13

የኔ ወንድም፣ የኔ ጌታ፣

ይቅር በለኝ። ማዕበል መትቶን የመርከቧ አንቴና ተሰብሮ ነበር። አሁን ነው የተጠገነው፤ ሁለቱ ደብዳቤዎችህም ተከታትለው ደረሱኝ። የጥር 2ቱን ሳነብ ልመልስልህ ብድግ አልኩ፤ የጥር 8ቱን ሳነብ ቁጭ አልኩ። ችሎቱ ትናንት ነበር ማለት ነው። አሁን የምልህ ሁሉ አልፎበታል።

ቢሆንም ካልጻፍኩት አልችልም። ትክክል ነህ። ያደረግከውን ሁሉ እኔም አደርገው ነበር። አንድ የምጨምረው ቢኖር፣ እምቢታውን ከፊት ያድርገው ነበር የምልህ። «ውሸት ነው» ብሎ ይጀምርና የቀረውን ያስከትል። የጻፈውም ስክሪኑ ላይ ለዳኛው ይታይ። ይህን ሁሉ ለማን ነው የምጽፈው?

እኔም የደበቅኩህ አለ። ማዕበሉ እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ አንድ ቀን ሙሉ የሕይወት ጃኬት ለብሰን ነው የዋልነው። ያኔ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገርህ? የአባዬን አዲሱን ድምፅ ሳልሰማ ልሞት ነው ብዬ ነበር። አሁን ደህና ነኝ። ለእማዬ እንዳትነግራት።

ምን ሆነ? ተናገረ ወይ? ማሽኑ ቆመ ወይ? ሾፌሩስ? ክፉም ቢሆን ጻፈው። በሩን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

እህትህ

ጥር 19

እትዬ፣

መጀመሪያ ተንፍሺ። ሾፌሩ ዛሬ ጠዋት ነፃ ወጣ። የዘገየሁት ውሳኔው ሳይሰማ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ስለጠፋኝ ነው። ማዕበሉን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለተኛ እንዲህ አትደብቂኝ። እኔም አልደብቅሽም።

ስለ ችሎቱ የጠየቅሽኝን ሁሉ ልመልስልሽ አልችልም፤ ምክንያቱም አልሰማሁትም። ሳጥኑን ተሸክሜ ገባሁ፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ስክሪኑን ዳኛዋም አባዬም እንዲያዩት አዞርኩ። አባዬ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ መንገዱን ሁሉ አላናገረኝም። ኪቦርዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለትና ልንጀምር ስንል የድርጅቱ ጠበቃ ተነሳ። «ክብርት ዳኛ፣ የሚመልሰው ምስክሩ ነው ወይስ ልጃቸው? ይህን ማሽን የሚያዘው እሱ ነው» አለ። ዳኛዋ አሰብ አደረጉና የችሎቱ ጸሐፊ አባዬ አጠገብ እንዲቀመጥ፣ እኔ ውጭ እንድጠብቅ አዘዙ። ስወጣ አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ከተቆጣኝ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። በሩ ወፍራም ነው፤ ድምፅ እንጂ ቃል አያሳልፍም። የጠበቃው ድምፅ ይሰማል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ የአባዬ ድምፅ ይመጣል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «እዚህ ቤት አውቶቡስ ይጠራል እንዴ?» አለችኝ። «አባቴ ነው» አልኳት። ድምፁ በመጣ ቁጥር ሙሉ ይሁን ጎደሎ አላውቅም። ጅራቱን ይዋጥ አይዋጥ በምን ልወቅ? ዜማው ሲወድቅ «ጨረሰ» እላለሁ፤ ስናለማምደው ጅራቱን የዋጠ ቀንም እንዲሁ ነበር የወደቀው። የአዳራሹ መስኮቶች ዝግ ነበሩ፤ ማራገቢያውን ደግሞ በችኮላ ቤት ረስቼዋለሁ። የማሽኑን ሙቀት አስብ ነበር፣ ሌላ ምንም አላስብም።

ከዚያ ዝም አለ።

የጠበቃው ጥያቄ ተሰማኝ፤ አጭር ነበር። አባዬ ትንሽ ነገር አለ። ከዚያ ምንም። ጠበቅኩ። ከዚያች አንድ ትንፋሽ አለፈ፣ ከድሮውም መዘግየት አለፈ። ቆመ በቃ፣ ደረቀ፣ ስክሪኑ ጠቆረ አልኩ። ተነሳሁ። ጥበቃው ደረቴ ላይ እጁን አድርጎ «ተቀመጥ ወንድሜ» አለኝ። «ማሽኑ ቆሟል፣ የማስነሳው እኔ ነኝ» አልኩት። «ካልተጠራህ አትገባም» አለ። ሴትዮዋ ውሃ ሰጠችኝ፤ ይዤው በሩ አጠገብ ቆምኩ። የሾፌሩ ሚስት አዳራሹ ውስጥ እንዳለች ትዝ አለኝ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። በጣም አጭር። ምን እንዳለ አልሰማሁም።

ውስጥ የነበረውን የነገረችኝ እማዬ ናት፤ ያውም ቤት ከደረስን በኋላ። አባዬ ሁሉንም በሥርዓት መለሰ። እጁ የተነሳበትን ቦታ፣ ተቆጣጣሪው የለበሰውን ኮት፣ አውቶቡሱ የተነሳው ከዚያ በኋላ መሆኑን። አንድም ቃል አልጎደለም፤ ጸሐፊው ስክሪኑን እያየ ይከታተል ነበር። መጨረሻ ላይ ጠበቃው «ሟቹን ጫኚ ያውቁት ነበር?» አለው። አባዬ ጻፈ፤ ድምፁም «ጋዜጣ ያመጣልኝ ነበር። መጀመሪያ ራሱ አንብቦ ነው የሚያመጣልኝ» አለ። ከዚያ ጣቶቹ ቆሙ። ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ቆሙ። እንባው እየወረደ ነበር አለች እማዬ፣ ግን አባዬ አሁን ሲያለቅስም ድምፅ የለውም፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አያውቅበትም። ሕዝቡ መንሾካሾክ ጀመረ። ጠበቃው ተነስቶ «ክብርት ዳኛ፣ ማሽኑ ሳይበላሽ አልቀረም፤ ምስክርነቱ እዚህ ላይ ቢቋረጥ» አለ።

ዳኛዋ «ይጠበቅ» አሉ።

አባዬ በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገ፣ ጻፈ። በዚያ መናኸሪያ ሙሉ በሚሰማ ድምፁ «ማሽኑ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ» አለ።

ይኸው ነው እትዬ። ሾፌሩ ከሰዓት በኋላ ከነሚስቱ መጥቶ አባዬ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል አባዬ ክንዱን ይዞ አነሳው። ብዙ ተቀመጡ። እኔ ከሥራ ስገባ አባዬ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና አጠገቡ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገልኝ። ተቀመጥኩ።

ወንድምሽ

ጥር 22

የኔ ወንድም፣

ደረሰኝ። እያነበብኩ ወደ መርከቧ ላይኛው ወለል ወጣሁ፣ ነፋሱ ሊነጥቀኝ ሲል ወረቀቱን ልብሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ዛሬ ማሽን ላይ ማንበብ አላስቻለኝም፣ አትሜው ነበር።

ወር ሳይሞላ ወደብ እንገባለን። እዚያ እውነተኛ ስልክ አለ። የምደውልበትን ቀን ቀደም ብዬ እነግርሃለሁ። አንተም እማዬም እንዳታናግሩኝ፤ ስልኩን አንስታችሁ የኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ አጠገብ አድርጋችሁለት ከክፍሉ ውጡ። ምንም ጥያቄ አዘጋጅቼ አልጠብቀውም። የሚለው ካጣ አይቸኩል፤ ኪቦርዱንም አይንካ። መስመሩ ተቆረጠ ብዬ አልዘጋም።

እህትህ